የዕቁብ ገንዘብና አሮጌው ኮምፒውተር

ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ገንዘብ ካለው ሰው ይልቅ አብዝቶ ማሰብ እንደሚገባው የተረዳነው በመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ መዝገብ ላይ ሳይሆን፥ በገዛ ቤታችን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባብያን ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኛም በመጀመሪያ ተራ መስሎን ነበር። ነገር ግን በሰቆጣ ከተማ ለሚኖርና ደመወዙን ቆጥሮ ለሚያድር የመንግሥት ሠራተኛ፥ አንዲት የኮምፒውተር ዕቃ መምረጥ ማለት ከሚስቱ ጋር፥ ከወንድሙ ጋርና ከራሱ ጋር መሟገት ማለት መሆኑን ቀስ በቀስ ደርሰንበታል።

ኮምፒውተሩን የገዛነው በ2015 ዓ/ም፥ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሰላሙ ስምምነት ከተፈረመ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ ለሥራ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በተላክንበት ጊዜ ነው። በውጭ አገር ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚለውጡ፥ ያገለገለው ዕቃ በነጋዴ እጅ ወደ አገራችን ይገባል። የእኛም ከእነዚሁ አንዱ ሲሆን፥ ስሙ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፥ ቁመናውም ቀጭን፥ በጠረጴዛ ጥግ ተጋድሞ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። በውስጡም ኢንቴል እ/ኤ/አ በ2013 ያወጣው ኮር አይ 5-4570 የተባለ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፥ አንዲት ባለ 4 ጊጋባይት ራምና ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበሩት። ባለቤታችን አስተማሪ ስለሆነች የፈተና ወረቀት ትጽፍበታለች ብለን ነበር ያመጣነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን እውነቱ በሙሉ ይህ ብቻ አይደለም።

ታናሽ ወንድማችን ከእኛ ጋር ይኖራል። በጦርነቱ ዓመታት፥ ማለት በ2013 እና በ2014 ዓ/ም፥ በአካባቢያችን መብራትና ስልክ ተቋርጦ፥ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው በነበረ ጊዜ፥ ልጁ በገጠር ከእናታችን ጋር ነበር። ወደ ሰቆጣ መጥቶ ትምህርቱን ሲቀጥል በዕድሜው ከክፍል ጓደኞቹ በሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር። ዝምተኛም ሆኖ መጣ። ከእኛ ጋር በማዕድ ተቀምጦ የማይናገረው ልጅ፥ በጌም ቤት የኳስ ጨዋታ ሲጫወት ግን እየጮኸ እንደሚስቅ ከሰው ሰማን። በየጨዋታው ሒሳብ እየከፈለ፥ አንዳንዴም ከመሸ በኋላ እየተመለሰ ብዙ ሌሊት አስጨነቀን። ጨዋታ ያስተምራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ እስከዚያ ድረስ አንሄድም። ሆኖም ጨዋታው በቤት ቢሆን ልጁም በቤት ይሆናል ብለን አሰብን።

ጨዋታውም በቤት ሆነ፤ ነገር ግን መሄድ አቃተው። ፊፋ 19 የተባለው እ/ኤ/አ በ2018 የወጣው የኳስ ጨዋታ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም የሚጠይቅ ሲሆን፥ የእኛ ኮምፒውተር የዚህ ግማሽ ነበረው። ሰሌዳው ይቆማል፤ ድምፁ ይቀጥላል፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ከቆሙበት ስፍራ ዘለው ሌላ ስፍራ ይገኛሉ። ወንድማችን ለሁለት ሳምንት ታገሠና አንድ ማታ፥ «ወንድም ጋሼ፥ እነዚህ ልጆች እንደ ባልቴት የሚራመዱት እስከ መቼ ነው?» አለን። ወደ ቤታችን ከመጣ ወዲህ ያለ ጥያቄ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ቸኮልን።

የመጀመሪያው ስሕተታችንም ይህ ችኮላ ነው። ጨዋታ የሚያፋጥነው ግራፊክስ ካርድ ነው ሲባል ሰምተን ስለ ነበር፥ ሌላ ሳንጠይቅና ሳንመረምር አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ወዳጃችን 6000 ብር ልከን፥ «ባለ 2 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ይገዛልን» አልነው። እርሱም በቅንነት አንድ ያገለገለ ጂቲ 1030 የተባለ ካርድ ገዝቶ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ሰደደልን። ካርዱ በደረሰ ማታ ኮምፒውተሩን ከፈትነው። የካርዱ ሰሌዳ ራሱ አጭር ነው፤ ይገባል። በጫፉ ላይ ያለው የብረት መያዣ ግን ለረጅሙ ዓይነት ኮምፒውተር የተሠራ ስለ ነበረ፥ የእኛ ቀጭን ሣጥን አልከደን አለ። አዲስ ሲሆን በካርቶኑ ውስጥ አጭር መያዣ አብሮት የሚመጣ የካርድ ዓይነት ነበር፤ ያገለገለ ስለሆነ መያዣው የት እንደ ቀረ ማንም አያውቅም። ባለቤታችን አንድም ቃል አልተናገረችም። ካርቶኑን ብቻ አንሥታ በቡፌው ላይ፥ ከስኒዎቹ ጎን፥ እንግዳ ሁሉ በሚያየው ስፍራ አስቀመጠችው።

በዚህ ላይ ስለ ርቀት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ መርካቶ ወይም መገናኛ የሚገዛ ሰው ዕቃው አልስማማ ቢለው በማግሥቱ ይዞት ይመለሳል፤ ቢጨቃጨቅም ይለወጥለታል። ሰቆጣ ግን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ናት። ዕቃ ለመመለስ ሹፌር መለመን፥ ወዳጅን ማስቸገር፥ ሻጩ «ከእኔ አልተገዛም» እንዳይል መጸለይ ያስፈልጋል። በከተማችን አጠገብ ያለውን የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች፥ አንድ ጊዜ የቀረፉትን ድንጋይ መልሰው መለጠፍ እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። የእኛም ግዢ ያንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ እነርሱ አስቀድመው መለካታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ፥ ዛሬ የጠየቅነው ዋጋ በሳምንቱ ሌላ እየሆነ አስቸገረን። በኅዳር 2017 ዓ/ም ግን የመሥሪያ ቤታችን የዕቁብ ዕጣ ወጣልንና 18000 ብር በእጃችን ገባ። ወንድማችንም በእናታችን ጓሮ ካሉት ቀፎዎች ሁለቱ የእርሱ ናቸው። የጥቅምቱን ማር ቆርጦ፥ የዋግ ነጭ ማር ገበያ የማያጣ ስለሆነ ሸጦ፥ 3000 ብር አመጣና በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለካርዱ» አለ። ሌላ አላለም።

እኛም ገንዘቡን አንሥተን ለመቁጠር አፈርን። ይህ ብር ከመጣ በኋላ ነገሩ የእኛ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ደግሞም ባለቤታችን የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ በክረምቱ ማፍሰሱን ታስታውሳለች፤ እኛም እናስታውሳለን፤ እርሷ ማስታወሳችንን ታውቃለች። ስለዚህ ከ21000 ብር ውስጥ አንድም ብር እንደ በፊቱ በግምት እንዳይወጣ ቆረጥን።

መጀመሪያ የትኛው ዕቃ እንደ ጠበበ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት አለ፤ እርሱን ከፍቶ ጨዋታውን እያስኬዱ ማየት ብቻ ነው። ወንድማችን ለአንድ ሳምንት በደብተር መዘገበ። እውነቱን ለመናገር፥ ከእኛ መሥሪያ ቤት መዛግብት ይልቅ የእርሱ ደብተር የጠራ ነበር፦ ሰዓቱ፥ ራሙ፥ ዲስኩ፥ ፕሮሰሰሩ፥ ግራፊክሱ በየዐምዱ ተጽፈዋል። ከ4 ጊጋባይት ራም ውስጥ ዘወትር 3.8 የሚሆነው ተይዟል። ተጫዋቾቹ በቆሙ ቁጥር ሃርድ ዲስኩ መቶ በመቶ ይሞላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በዚያች ቅጽበት ከግማሽ በታች ነው። ግራፊክሱም ጨዋታው በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ከ90 በላይ ነበር፤ ስለዚህ ልጁ ካርድ ካርድ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገሩን ለባለቤታችን ያስረዳንበት መንገድ የወፍጮ ቤት ምሳሌ ነው። ፕሮሰሰሩ ወፍጮው ነው። ራሙ በወፍጮው ፊት እህል የሚደረደርበት ስፍራ ነው። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ራቅ ብሎ ያለው ጎተራ ነው። የመደርደሪያው ስፍራ ሲጠብ፥ አህያዋ ወደ ጎተራው እየተመላለሰች አንዱን ጆንያ ታወጣለች፥ ሌላውን ታስገባለች፤ እርሷ እስክትመለስ ወፍጮው ባዶውን ይዞራል። በዚህ ጊዜ ትልቅ ወፍጮ መግዛት ከንቱ ነው። እርሷም ሰምታ፥ «ታዲያ በቡፌው ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችን። ለዚህ ምሳሌ አልነበረንም።

ሌላም የማናውቀው ነገር ነበር። የእኛ ኮምፒውተር የራሱ ግራፊክስ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ስለሆነ፥ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። ራሙ አንዲት ብቻ ስትሆን በአንድ መንገድ ብቻ፥ በሴኮንድ 12.8 ጊጋባይት ያህል ታቀርባለች፤ በትክክለኛው ማስገቢያ ሁለት ሲሆኑ ግን ሁለት መንገድ ይከፈትና እጥፍ፥ ማለት 25.6 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ራም መጨመር ስፍራውን ከማስፋት በላይ ግራፊክሱንም ያግዛል። ኮምፒውተሩ አራት የራም ማስገቢያ ሲኖረው ሦስቱ ባዶ ነበሩ። ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ራም፥ ያገለገለ፥ 1300 ብር ተባልን። ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ 3800 ብር። በእነዚህ በሁለቱ ላይ በቤታችን ክርክር አልነበረም።

ክርክሩ በቀረው ገንዘብ ላይ ነው። ወንድማችን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለውን ካርድ፥ አጭሩን ዓይነት ይፈልጋል፤ ዋጋው 14000 ብር። ምርጫው በመሠረቱ መጥፎ አልነበረም። የእኛ ኮምፒውተር የኃይል ማከፋፈያው 255 ዋት ብቻ ሲሆን፥ ለካርድ የሚሆን ትርፍ የኃይል ገመድ የለውም፤ መሰኪያውም ዴል ለራሱ የሠራው ስለሆነ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ እንዲሁ አይገጥመውም። ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ከተሰካበት ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ይህም በደንቡ ከ75 ዋት አይበልጥም። 1050 ቲአይ በዚያው የሚበቃው ካርድ ነው። ሌላው፥ ለምሳሌ በዚያ ዘመን በርካሽ ይገኝ የነበረው አርኤክስ 580፥ 185 ዋት የሚበላ ስለሆነ ቢገዛ እንኳ አይነሣም ነበር። ይህን ሁሉ ልጁ ራሱ አጥንቶ ነው የነገረን።

እኛ ግን ስታብላይዘር ይቅደም አልን። በከተማችን መብራት መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ አመጣጡ ያስፈራል፤ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን በአንዲት ማታ ተቃጥሎ ቀርቷል። ወንድማችን፥ «የማሬ ገንዘብ ለመብራት ጠባቂ አይደለም» አለና ወጣ። ታላቅ እንደ መሆናችን መጠን ወስነን ብንገዛ የሚከለክለን አልነበረም። ነገር ግን በቡፌው ላይ ያለውም በታላቅነታችን የወሰንነው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በማዕድ ዳር እንደ ቀድሞው ዝም አለ፤ ያን ዝምታ መልሰን ያመጣነው እኛ መሆናችን አስፈራን።

በአራተኛው ቀን ደብተሩን አስመጣንና ሒሳቡን ለሁለት ከፈልነው። የእርሱ 3000 ብር ራሙን ሙሉ በሙሉ፥ የቀረውም የኤስኤስዲውን ከፊል ይግዛ፤ ማለት የእርሱ ብር የገዛው ሁሉ ጨዋታውን የሚያፋጥን ይሁን። የጎደለውን እኛ እንጨምራለን። ስታብላይዘሩን በ4500 ብር ከእኛ እንገዛለን። የሚቀረው 11400 ብር ለቆርቆሮው ይሆናል። ካርዱ ለሚቀጥለው ዕቁብ ይቆይ። ልጁ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ደመረና፥ «ለሚቀጥለው ዕቁብ ማለትዎን ልጻፈው?» አለን። ጻፈው አልነው። ቀን አድርጎ ጻፈ።

ዕቃው በታኅሣሥ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ለወዳጃችን የላክነው ቃል አንድ መስመር ሳይሆን ገጽ ሙሉ ነበር፤ የራሙን ተለጣፊ ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥተን አብረን ልከንለታል። እንዲያውም ሆኖ አንዲት ነገር ተሳስታለች፦ የእኛ ነባሩ ራም 1600 ሲሆን የመጣው 1333 ነው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ፈጣኑ በዝግተኛው ልክ ስለሚሄድ፥ ያ እጥፍ ያልነው 25.6 ወደ 21 ገደማ ወረደ። ወንድማችን በደብተሩ «ትንሽ ኪሳራ» ብሎ ጻፈና አለፈው። ዊስ ዊስ እያደረገ ብሎኑን የፈታውም ያሰረውም እርሱ ነው፤ እኛ መብራት ያዝንለት።

ኮምፒውተሩ ለመነሣት አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረው ከአንድ ደቂቃ በታች ሆነ። ባለቤታችን ፈተናውን ከፍታ ሳለ ሌላ ወረቀት ስትጠራ ወዲያው መጣላት፤ ይህን የነገረችን ሳንጠይቃት ነው። ጨዋታው በ1280 በ720 ጥራት፥ ሳሩና ተመልካቹ ተቀንሶ፥ ሳይቆም መሄድ ጀመረ። በመጀመሪያው ማታ ወንድማችን አምስት ለባዶ አሸነፈን። ከዚያ በፊት ስንሸነፍ በኮምፒውተሩ እናመካኝ ነበር።

በቡፌው ላይ ስላለው ካርድም አንባቢ ሳይጠይቀን አይቀርም። በጥር ወር ወንድማችን ካርዱን ይዞ ወደ ብረት በያጅ ሄደ። ባለሙያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ነገር ቢሆንም፥ መያዣውን ከሰሌዳው አስፈትቶ በመጋዝ ቆረጠው፥ ጫፉንም አጠፈው፤ የተቀበለውም 100 ብር ነው። ሣጥኑ ተከደነ። ደስታችን ግን ግማሽ ቀን ብቻ ቆየ፤ ጨዋታው የተሻሻለው በጥቂቱ ነበርና። ምክንያቱን ወንድማችን አገኘው። ጂቲ 1030 የሚባል ካርድ ሁለት ዓይነት ነው። እ/ኤ/አ በ2017 የወጣው ጂዲዲአር 5 የተባለ ማስታወሻ ያለው ሲሆን በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በ2018 የተከተለው ግን ዲዲአር 4 ያለው ሆኖ 17 እንኳ አይሞላም። ስማቸው አንድ፥ ሁለቱም ባለ 2 ጊጋባይት ናቸው። እኛም ያዘዝነው «ባለ 2 ጊጋባይት» ብለን ነበር፤ የደረሰንም ዝግተኛው ነው። ሻጩን ልንወቅስ አንችልም፤ የጠየቅነውን ሰጥቶናል። ካርዱ ያለ መጠን የተወደደ ቢሆንም ጥቂት ስለሚረዳ በኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቷል። ባዶው ካርቶን ግን እስከ ዛሬ ከቡፌው አልወረደም፤ ባለቤታችን መርፌና ክር ታኖርበታለች።

ስታብላይዘሩ እስከ አሁን ያዳነን ነገር ይኑር አይኑር መናገር አንችልም። አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል። ወንድማችን «ውድ ድንጋይ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ከዚህ ይልቅ በየወሩ የምናደርገው አንድ ነገር በእርግጥ ጠቅሞናል፤ ይኸውም አቧራ ማራገፍ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ሳስቷል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ወስዶ የመሄድ ዐቅሙ ያንሳል። በበጋ ላይ የመንገዱ አቧራ ሲጨመር ማራገቢያው እንደ ወንፊት ይደፈናል። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠርገን ስንከድነው ድምፁ ይቀንሳል። ይህ ማሻሻያ ዋጋው የአንድ ብሩሽ ዋጋ ብቻ ነው።

2018 ዓ/ም ገባ። በጥቅምት 4 ቀን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛን ዘመን ፕሮሰሰር በደንቡ አይቀበልም። ይህን ስንሰማ ለወንድማችን፥ ከእንግዲህ በዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ተገቢ እንዳልሆነ፥ ዕቃ ሲገዛም ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር የሚሻገረውን መምረጥ እንደሚገባ በሰፊው አስረዳነው። ኤስኤስዲው ይሻገራል፤ ስታብላይዘሩ ይሻገራል፤ ራሙ ግን ዲዲአር 3 ስለሆነ አዲሱ አይቀበለውምና እዚሁ ይቀራል። ልጁ እስክንጨርስ በትዕግሥት ሰማንና፥ «ወንድም ጋሼ፥ 1050 ቲአይም ይሻገራል እኮ» አለን። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ቀን ያለበትን ገጽ ከፈተ።

የዕቁቡ ዕጣ በሰኔ ይወጣል። በጥቅምት የተቆረጠው ማር ተሸጦ 3500 ብር ከወዲሁ በደብተሩ መካከል ታጥፎ ተቀምጧል። ባለቤታችን በበኩሏ፥ ቆርቆሮው ከተሠራ ወዲህ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ምርጊት እንደሚያስፈልገው ባለፈው እሑድ ቡና ስታፈላ አንሥታለች።